ሺህ ወር የማይስተካከላት ሌሊት በመቀሌ

ሓወልቲ ሲባል ከመቀሌ ውጭ ላለ ሰው ቀድሞ ትዝ የሚለው ከሩቅ የሚታየው የሰማዕታት ሐውልት ነው። ሐውልቱ ባለበት በሓወልቲ ክፍለ ከተማ፣ እንደ ሌላው የመቀሌ ሰፈር ሁሉ፣ ሙስሊምና ክርስቲያን ተጎራብተው ይኖራሉ። የረመዳን የመጨረሻዎቹ አሥር ሌሊቶች ሲገቡ በሙስሊሙ ቤት እንቅልፍ ይቀንሳል፤ ለይለተል ቀድር ትፈለጋለችና። ይህች ሌሊት ከትግራይ ምድር ጋር ያላት ትውውቅ ከመቀሌ ከተማ ዕድሜ በብዙ መቶ ዓመታት ይበልጣል።

ለይለተል ቀድር የቁርአን መውረድ የጀመረባት ሌሊት ናት። እ.ኤ.አ. በ610 ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ከመካ ወጣ ብሎ በሚገኘው የሒራ ዋሻ ለብቻቸው ሳሉ መልአኩ ጂብሪል መጥቶ እንዲያነቡ አዘዛቸው። የቁርአን 97ኛ ምዕራፍ የሆነው ሱረቱል ቀድር አምስት አንቀጾች ብቻ አሉት፤ አምስቱም ስለዚህች ሌሊት ይናገራሉ። ሌሊቷ ከሺህ ወር ትበልጣለች። ሺህ ወር ሲሰላ 83 ዓመት ከ4 ወር ይሆናል፤ ረጅም ዕድሜ የታደለ ሰው የሚኖረው ዘመን ነው። መላእክት በጌታቸው ፈቃድ ይወርዱባታል፤ ጎህ እስኪቀድ ድረስም ሰላም የሰፈነባት ናት።

ምእመናን በአሥሩ ሌሊቶች፣ በተለይም በጎዶሎዎቹ፣ በ21ኛው፣ በ23ኛው፣ በ25ኛው፣ በ27ኛውና በ29ኛው እንዲፈልጓት ታዘዋል። በሕዝቡ ዘንድ ይበልጥ የምትጠበቀው 27ኛዋ ናት። በእስልምና ቀን የሚቆጠረው ፀሐይ ከጠለቀችበት ሰዓት ጀምሮ ስለሆነ፣ ይህች ሌሊት የምትገባው የ26ኛው ቀን ጾም በተፈታበት ምሽት ነው።

ትክክለኛዋ ሌሊት ለምን ተሰወረች? ቡኻሪ የዘገቡት ሐዲስ እንደሚያስረዳው ነቢዩ ሌሊቷን ለባልደረቦቻቸው ሊነግሩ ወጥተው ነበር። ሆኖም ሁለት ሙስሊሞች ሲጨቃጨቁ ደረሱ፤ በዚያ ጠብ የተነሣ የሌሊቷ ዕውቀት ተነሣ። ከሺህ ወር የምትበልጥ ሌሊት በሁለት ሰዎች ጠብ ተሰወረች ማለት ነው። የዚህን ሐዲስ ክብደት የትግራይ ሰው ከማንም በላይ የሚረዳው ይመስለኛል፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ከሒራዋ ሌሊት አምስት ዓመት ያህል ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ615፣ የመካ ቁረይሾች ያሳደዷቸው የመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች ባሕር ተሻግረው ሐበሻ ገቡ። ቀጥሎ ከመጡት መካከል የነቢዩ አጎት ልጅ ጃዕፈር ቢን አቢ ጧሊብ ይገኙበታል። የሐበሻው ንጉሥ ፊት ቀርበው የመርየምን ምዕራፍ ሲያነቡ ንጉሡ እንዳለቀሰና ለቁረይሾች አሳልፎ እንደማይሰጣቸው እንደተናገረ የእስልምና የታሪክ መጻሕፍት ይተርካሉ። የረመዳን ጾም ግዴታ የሆነው እ.ኤ.አ. በ624 ነው። ጃዕፈርና አብረዋቸው የቆዩት ወደ መዲና የተመለሱት ደግሞ በ628 ነው። የረመዳን ጾም ሲደነገግ እነዚህ ስደተኞች ገና በሐበሻ ምድር፣ በክርስቲያን ንጉሥ ጥበቃ ሥር ነበሩ። ከመቀሌ በስተሰሜን 60 ኪሎ ሜትር ግድም የምትገኘው ነጋሽ የዚህ ታሪክ መታሰቢያ ናት፤ ንጉሡና 15 የነቢዩ ባልደረቦች እዚያ እንዳረፉ ይታመናል።

ለመቀሌ ይበልጥ የሚቀርብ ምስክርም አለ። ዛሬ ከከተማዋ ክፍለ ከተሞች አንዷ በሆነችው በኲሓ አካባቢ በዐረብኛ የተጻፉ የመቃብር ድንጋዮች ተገኝተዋል። ፈረንሳዊቷ ማድሌን ሽናይደር በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጥንታቸዋለች፤ በቅርብ ዓመታትም ቢለት በተባለው ቦታ ቁፋሮ ተካሂዷል። ድንጋዮቹ ላይ የአላህ ስም፣ የሟቹ ስም ከነአባቱ፣ ያረፈበትም ቀን በሂጅራ አቆጣጠር ተቀርጿል። ዘመናቸው በብዛት ከ10ኛው እስከ 12ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ሙታኑን በሂጅራ ወርና ዓመት የሚመዘግብ ማኅበረሰብ ረመዳንን ቆጥሮ ይጾም እንደነበር አያጠራጥርም።

ታሪኩ ሁሉ ግን የመልካም ጉርብትና አይደለም። መቀሌን መናገሻቸው ያደረጉት ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ የሃይማኖት ጉባኤ በኋላ ሙስሊሞች ክርስትና እንዲነሡ አዘዙ። የወሎው ገዥ መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ። እምቢ ያለው ተሰደደ ወይም ሸፈተ። የካፑቺኑ ሚስዮናዊ ማሳያ እንደጻፉት፣ ከቤተ ክርስቲያን ተጠምቀው ሲወጡ በቀጥታ ወደ ሼኻቸው ሄደው ጥምቀቱን የሚያስሽሩ ነበሩ። ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት ሙስሊም ሆኖ መኖር የብዙዎች ዕጣ ሆነ። በትግራይ ጀበርቲ የሚባለው ሙስሊም የርስት መብት ስላልነበረው ኑሮውን በሽመናና በንግድ መሠረተ። ኢድ አልፈጥር በአገር ደረጃ በዓል ሆኖ የታወቀው ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከተካሄደው ታላቅ የሙስሊሞች ሰልፍ በኋላ ነው።

ዛሬ ሌሊቷ በግልጽ ትከበራለች። ከኢሻ፣ ማለትም ከምሽቱ ሰላት፣ በኋላ ተራዊህ የተባለው የረመዳን ሰላት ይሰገዳል፤ ሰው ጥቂት አረፍ ብሎ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ተሀጁድ ለሚባለው የሌሊት ሰላት ይመለሳል። ኢማሙ ረጃጅም ሱራዎችን ስለሚያነቡ አንዱ ረከዓ ብቻውን እግር ያዝላል፤ መቆም ያቃታቸው አዛውንቶች ወንበር ላይ ሆነው ይሰግዳሉ። ኢዕቲካፍ የገቡት ፍራሻቸውን ጥግ ላይ አጣጥፈው እስከ ረመዳን ማብቂያ መስጊዱን አይለቁም። በማሳረጊያው የዊትር ሰላት ኢማሙ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ሲያደርጉ ጀማዓው «አሚን» ይላል። ዱዓው ለሞቱት፣ ለታመሙት፣ ለተሰደዱት ሲደርስ «አሚን» የሚለው ድምፅ በለቅሶ ይቆራረጣል። የነቢዩ ባለቤት እመት ዓኢሻ ሌሊቷን ቢያገኟት ምን እንደሚሉ ጠይቀው ከነቢዩ የተማሩት ዱዓ የምሕረት ልመና ነው። ሀብትም ድልም አልተጠየቀበትም።

በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም የካቲት 17፣ ረመዳን የካቲት 22 ገቡ። አንዱ ጎረቤት ለተሀጁድ፣ ሌላው ለኪዳንና ለማሕሌት በአንድ ሌሊት የሚነሣበት ሰሞን ነበር።

ከዚያ በፊት ያለፉትን ረመዳኖች ግን መቀሌ አትረሳቸውም። ጥቅምት 2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት ተቀሰቀሰ፤ በኅዳር የነጋሽ መስጊድ በከባድ መሣሪያ ተመታ። የ2014 ረመዳን ሲገባ ስልክ ተቋርጦ፣ ባንክ ተዘግቶ ነበር። ሰው ያስቀመጠውን የራሱን ገንዘብ ማውጣት አልቻለም። ከኢድ ሰላት በፊት ለድሃ የሚሰጠውን የዘካተል ፊጥር እህል ይሰጥ የነበረው ራሱ ተቀባይ ሆነ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ጦርነቱን የሚያስቆመው ስምምነት ተፈረመ፤ መጋቢት 14 የገባው ረመዳን ከዚያ በኋላ የመጀመሪያው ነበር።

እንግዲህ ወደ ሐዲሱ ልመለስ። የሁለት ሰዎች ጠብ የዚህችን ሌሊት ዕውቀት ካስነሣ፣ የመቶ ሺዎች ጠብ ምን ያህል በረከት ይነሣል? ሌሊቷ የምሕረት ሌሊት ናት፤ ምሕረት የሚለምን ደግሞ ምሕረት ሊያደርግ ይገባዋል። ሙስሊም አንባቢዬ፣ በሚመጣው ረመዳን አሥሩ ሌሊቶች ሳይገቡ የተኳረፍከውን ወንድምህን ፈልገህ ታረቅ። ክርስቲያን አንባቢዬ፣ ጃዕፈርን ያስጠለለው ንጉሥ ያንተ ንጉሥ ነበርና ጎረቤትህ ሌሊቷን በሰላም እንዲያሳልፋት ጠብቀው። ለሓወልቲም፣ ለመላው አገራችንም ከዚህ የሚበልጥ ዱዓ የለም።