ወጣቶችን የሚያጠቃ የዓይን አለርጂና የብሌን ጠባሳ

ቬርናል የሚባለው ከባድ የዓይን አለርጂ የዓይንን ገጽና የሽፋኑን ውስጠኛ ክፍል የሚያስቆጣ በሽታ ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። አብዛኛውን ጊዜ በልጅነት ይጀምራል፣ በወንዶች ላይ ይበዛል፣ ብዙዎችንም ከጉርምስና በኋላ ይተዋቸዋል። አንዳንዶችን ግን እስከ ሃያዎቹ ዕድሜ ይከተላቸዋል። ሙቀት፣ ድርቀትና አቧራ ስለሚያባብሱት ከጭሮ ወደ ሚኤሶ ቆላ ሲወርዱ ቢብስብዎት አይገርምም።

ዋናው ምልክት ማሳከክ ነው። መቅላት፣ ብርሃን መፍራትና ክር የሚመስል ወፍራም ነጭ ፈሳሽም ይኖራል። ዓይንን ማሸት ለጊዜው ያስታግሳል፤ ሲደጋገም ግን ብሌኑን ሊያሳሳና ቅርጹን ሊለውጥ ይችላል። የሻከረው ሽፋንም ብሌኑን እየፋቀ ያቆስለዋል፤ ቁስሉ ሲድን ጠባሳ ይተዋል።

ከበሽታው ባልተናነሰ የሚያሳስበኝ ግን ጠብታው ነው። ዴክሳሜታሶንና መሰሎቹ ስቴሮይዶች መቅላቱንና ማሳከኩን ቶሎ ስለሚያጠፉ ሰው ያንኑ ብልቃጥ ይዞ ፋርማሲ ይመላለሳል፣ ለወንድሙም ያካፍላል። ለወራት ሲወሰዱ የዓይን ግፊትን ከፍ አድርገው ግላኮማ ያመጣሉ፤ ሕመም ስለሌለው አይታወቅም፣ በዚህ የጠፋ እይታም አይመለስም። የዓይን ሞራም ያስከትላሉ። ዓይኑን የጫት ወይም የማሽላ ቅጠል የወጋው ሰው ቢጠቀምባቸው ደግሞ የፈንገስ ቁስል ሊያባብሱበት ይችላሉ። ስቴሮይድ አንዳንዴ የግድ ያስፈልጋል፤ ግን ለአጭር ጊዜ፣ ግፊቱ እየተለካ። ከአንቲባዮቲክ ጋር ተቀላቅሎም ስለሚሸጥ ምን እንደያዘ ይጠይቁ።

ለዘለቄታው በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ፣ ባርኔጣና እንደ ክሮሞግላይኬት ወይም ኦሎፓታዲን ያሉ ጠብታዎች ይሻላሉ። ክሮሞግላይኬት ሥራው እስኪታይ ቀናት ይፈጅበታል፤ በሁለተኛው ቀን አይተዉት።

ትራኮማ ሌላ ነው፦ ተላላፊ ነው፣ ከዓመታት ተደጋጋሚ ልክፈት በኋላ ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ታጥፎ ብሌንን ይፍቃል። በወረንጦ መንቀል ለጊዜው ነው፤ መፍትሔው ቀላል ቀዶ ሕክምና ነው።

ብሌን ላይ ነጭ ነጥብ ከታየ፣ ከባድ ሕመም ከጀመረ ወይም እይታ ከደበዘዘ በዚያው ቀን ጭሮ ወይም ገለምሶ ሆስፒታል ይሂዱ። ጠባሳው እይታን ከጋረደ የብሌን ንቅለ ተከላ በአዲስ አበባ ይሠራል፤ የኢትዮጵያ ዓይን ባንክ እ.ኤ.አ. በ2003 የተቋቋመው ለዚሁ ነው። ወደዚያ የሚወስድዎትን የሪፈር ወረቀት ከዓይን ባለሙያ ይጠይቁ፣ የተጠቀሙበትን የጠብታ ብልቃጥም ይዘው ይሂዱ።