ወደ ጅሬን፣ በካፋ በኩል

በጅማ ጅሬን ኮረብታ ላይ ያለውን የንጉሥ አባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ለማየት የሚወጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ጅማ ይገባል፤ ግቢውን ዞሮ፣ ፎቶ ተነሥቶ ይመለሳል። እኔ ጉዞውን ከሚዛን ተፈሪ መጀመርን እመርጣለሁ። በዚህ በኩል የመጣ ሰው ጅሬን ከመድረሱ በፊት ካፋን ያቋርጣልና።

የቴፒና የቤበቃ ሰፋፊ የቡና እርሻዎች ከኋላ ይቀራሉ። ከዚያ በኋላ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር የበቀለ ቡና መንገዱን ግራና ቀኝ ይዞ ይሸኛል። በለቀማ ወራት ጀንፈል በየደጁ ተሰጥቶ ይደርቃል። ሺሺንዳ ታልፎ፣ የውሽውሽ ሻይ ተክል ኮረብታውን ሸፍኖ ይታያል፤ ቀጥሎ ቦንጋ ነው።

ከቦንጋ ብዙም ሳይርቅ አንደራቻ አለች፤ የካፋ ነገሥታት መቀመጫ የነበረችው። የመጨረሻው ንጉሥ ታቶ ጋኪ ሸሮቾ ለምኒልክ ጦር አልገብርም ብለው ለወራት ተዋጉ። ጦሩን የመሩት ራስ ወልደ ጊዮርጊስ ነበሩ። ንጉሡ በ1890 ዓ.ም. መግቢያ ተይዘው መጀመሪያ አንኮበር፣ በኋላም አዲስ አበባ በግዞት ኖሩ። ዘውዳቸው እንኳ አገር ጥሎ ሄደ፤ የምኒልክ አማካሪ የነበረው ስዊሳዊው አልፍሬድ ኢልግ ወሰደው፣ አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1947 ዓ.ም. ስዊዘርላንድን ሲጎበኙ መለሱት። ቤተ መንግሥቱን ግን የሚመልሰው አልተገኘም። የዚያን ግቢ ስፋት አንደራቻ ላይ ቆሞ በዓይነ ኅሊና መሳል እንጂ ማየት አይቻልም።

የጎጀብን ወንዝ ተሻግረን፣ በሸቤና በሰቃ አድርገን ጅማ ስንደርስ ነገሩ ይለወጣል። ከከተማዋ በላይ ጅሬን ኮረብታ ላይ ቤቱ ቆሟል፦ ፎቅና ሰገነት ያለው የእንጨት ሥራ፣ አጠገቡም መስጊድ። ዳግማዊ አባ ጅፋር ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ድረስ ነገሡ። በጅማ ሰዎች ትረካ፣ ከሸዋው ምኒልክ ጋር እንዲስማሙ የመከሯቸው እናታቸው ንግሥት ጉሚቲ ናቸው። አባ ጅፋርም በየዓመቱ ግብር እየላኩ የውስጥ አስተዳደራቸውን ጠበቁ፤ ከኮረብታው ግርጌ ያለው የሂርማታ ገበያም የቡናውና የነጋዴው መገናኛ ሆኖ ደመቀ። ጅማ በማዕከላዊው መንግሥት አስተዳደር ሥር ሙሉ በሙሉ የገባችው በ1932 እ.ኤ.አ. ነው። አባ ጅፋር ብልህ የሀገር መሪ ነበሩ ብዬ አምናለሁ።

ነገር ግን ያ ገበያ ሰውም ይሸጥበት ነበር፤ የጅማ ሀብት ከባሪያ ንግድ ተለይቶ አይነገርም። ካፋን ከወጉት መካከልም የአባ ጅፋር ጦር ነበር። ሰላምን የገዛው በየዓመቱ የሚላከው ግብር ብቻ አልነበረም፤ በጎረቤት ላይ መዝመትም ነበር። የጅሬን ሰገነት የቆመበትና የአንደራቻ ግቢ የጠፋበት ምክንያት አንድ ዘመቻ ላይ ይገናኛል። ከአዲስ አበባ በቀጥታ የመጣ ጎብኚ ይህንን የሚያይበት አጋጣሚ የለውም።

ስለዚህ ጅሬንን የሚያስጎበኙ ሰዎች ስለ ጋኪ ሸሮቾ እንዲናገሩ፣ የካፋ ባህል ጠባቂዎችም አንደራቻን ለመንገደኛ በግልጽ እንዲያመለክቱ እመኛለሁ። ሁለቱን በአንድ ጉዞ ማየት ይቻላል፤ መንገዱ ያው አንድ ነው።