እንፋሎቱ አይደለም

ልጅ ሆኜ ከእናቴ ጋር ዳንግላ ገበያ የሽሮ እህል ልንገዛ ስንሄድ አንድ ልማድ ነበራት። አተሩን በመዳፏ ትዘግንና በአውራ ጣቷ እያገላበጠች ታየዋለች። አተር ድብልብል ነው፤ ጓያ ግን ማዕዘን አለው፣ የተሸረፈ ጥርስ ይመስላል። ክክ ከሆነ በኋላ ለመለየት ስለሚያስቸግር ክክ ጭራሽ አትገዛም። ምን አስፈራት ካላችሁ፣ መልሱ ጎረቤታችን ናቸው።

ጎረቤታችን ልብስ ሰፊ ናቸው። የስፌት መኪናቸው በእጅ የሚዞር ነው፣ እግራቸው ፔዳል አይረግጥማ። በሁለት ዱላ ተደግፈው፣ በእግር ጣታቸው እየረገጡ፣ ጉልበታቸው እየተጋጨ ነው የሚሄዱት። የመጡት ከፎገራ ነው። አንድ ቀን «ጋሼ፣ እግርዎን ምን ሆነው ነው?» ብላቸው «ጓያ ሰብሮኝ» አሉኝ። ቤት ስንገባ እናቴ ጨመረችበት፦ ጓያ ሲቀቀል እንፋሎቱ የነካው ሰው እግሩን ይያዛል።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ኢንጂነሪንግ መማር ስጀምር ይሄ ወሬ ያስቀኝ ነበር። ግማሹ እውነት መሆኑን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው፣ ያውም በወገቤ ሰበብ። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ተጣብቆ ኮድ የሚጽፍ ሰው ወገቡ ምን እንደሚሆን ታውቁታላችሁ። ባሕር ዳር አንዲት ፊዚዮቴራፒስት ጋ ሄጄ እግሬን እየሳበች ሳለ ስለ ጎረቤታችን አነሳሁባት። ሥራዋን ሳታቋርጥ «ላቲሪዝም ነው» አለች። ቀጥላም «ያኔ ተረከዛቸውን እንዲህ የሳበላቸው ሰው ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄው ቤት ድረስ ተከተለኝ።

እኛ አዊዎች ቀይ አፈር ላይ ድንችና ገብስ ስለምናመርት ጓያን በሩቁ ነው የምናውቀው። የጓያ አገር ጥቁር አፈር ያለበት ነው፤ ጣና ዙሪያ ያሉት ደምቢያና ፎገራ። (ፎገራ ዛሬ በሩዝ ነው የሚታወቀው።) ጓያ ውሃ ሲተኛበትም ዝናብ ሲጠፋም ይችላል። ሌላው ሰብል ሲከዳ እሱ ይቆማል፣ ደሃም የሚወደው ለዚህ ነው። ችግሩ ፍሬው ውስጥ ኦዳፕ የሚባል መርዝ መኖሩ ነው። ህንድ ውስጥ ተመራማሪዎች ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። ለሳምንታትና ለወራት ጓያን ዋና ምግቡ ያደረገ ሰው፣ ከአንጎል ወደ እግር ትእዛዝ የሚያወርዱት ነርቮቹ ይጎዳሉ። እግሩ ልምሾ አይሆንም፤ ይገተራል። ጡንቻው ስለማይላላ ተረከዙ ወደ ላይ ይሳባል፣ ጭኖቹም ይቆላለፋሉ። መብላቱን ሲያቆም በሽታው አብዛኛውን ጊዜ አይብስም፣ የተጎዳው ግን እንደተጎዳ ይቀራል።

በ1969 ዓ.ም. ደምቢያና ፎገራ ላይ በሽታው በወረርሽኝ መልክ ወጣ። ቁጥሩን ሳይ ጎረቤታችን ያኔ አሥራ አራት ዓመታቸው እንደነበር አሰላሁ። በኋላ የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው እዚያው አካባቢ ገጠር ወርደው ሕመምተኞቹን አጠኑ። በብዛት የተገኙት ወጣት ወንዶች ነበሩ። እረኛ ማሳ ውስጥ እሸቱን ይበላል፤ እሸቱ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም።

ከዚያ ደግሞ ወሎ። በ1988 እና 1989 ዓ.ም. ደላንታ ዳውንት ላይ ሌላው እህል ጠፍቶ ጓያ ብቻ ሲቀር ከ2,000 በላይ ሰው ሽባ ሆነ። ዶክተር ኃይለኢየሱስ ጌታሁንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1999 ላንሴት ላይ ጻፉት፤ በ2003 ደግሞ እኔን ያስደነገጠኝን ጥናት አወጡ። የጠየቁት «ጓያ በላችሁ ወይ?» ብቻ ሳይሆን «እንዴት አድርጋችሁ በላችሁት?» ብለው ነው። በጥሬውና በንፍሮ መልክ የበሉት የበለጠ ተጎድተዋል። በእንጀራ፣ በቂጣና በወጥ መልክ ግን እንደዚያ አልታየም። ከእህል ጋር መቀላቀሉና ወጡ ውስጥ የሚገባው ቅመም አደጋውን ቀንሷል። ቀቅሎ ውሃውን መድፋትም ከመርዙ የተወሰነውን ያወጣል።

እንግዲህ ልብ በሉ። ሽንኩርት፣ ጤፍ፣ ማቡኪያ ጊዜና የሚቃጠል እንጨት ያለው ሰው ጓያ በልቶ ይነሳል። የሚወድቀው ድስቱ ውስጥ ከጓያ በቀር የሚጨምረው ያጣው ነው። እኔ ይሄን የተክል በሽታ ማለት ይከብደኛል። እ.ኤ.አ. በ1942 ዩክሬን ውስጥ ቫፕኒያርካ በሚባል ማጎሪያ ካምፕ የታሰሩ አይሁዶች ጓያ እየተሰጣቸው በመቶዎች ሽባ ሆነዋል። አርተር ኬስለር የተባለ እስረኛ ሐኪም ምክንያቱን ሲለይ እስረኞቹ አንበላም ብለው አደሙ፣ ምግቡም ተቀየረላቸው። ደላንታ ላይ በማን ላይ ይታደማል?

ዛሬ መርዙ ያነሰበት ዋሴ የሚባል ዝርያ አለ። የተጎዳውን ነርቭ የሚመልስ መድኃኒት ግን እስካሁን የለም። ፊዚዮቴራፒም አይመልሰውም፤ መገጣጠሚያው እንዳይቆለፍ፣ ጅማቱ እንዳያጥር ማድረግ ግን ይችላል፣ በጊዜው ከተጀመረ። በየቀኑ ተረከዝ መሳብ ማሽን አይፈልግም። ጨርቅና የሚያሳይ ሰው ነው የሚፈልገው።

ባለፈው ጥር ለፈረስ በዓሉ እንጅባራ ስሄድ ዳንግላ ወረድኩ። ጋሼ ሱቃቸው ናቸው። አንሶላ ጠምዝዤ እንደተማርኩት አሳየኋቸው። አብረን ሳብን፤ ተረከዛቸው ግን ወለሉ ጋ አልደረሰም፣ ብዙም አልቀረበም። ላብ አደረጋቸው። እኔም ዝም ማለት አቃተኝና ስለ ጥናቱ፣ ስለ ንፍሮው፣ እንፋሎቱም ምንም እንዳላደረገ ነገርኳቸው።

መኪናቸውን ማዞር አቆሙ።

«እናቴ ስትቀቅል ከምድጃው ታባርረን ነበር» አሉ። «እንፋሎቱ እንዳይነካን። ሲበርድ ትጠራናለች፣ ንፍሮውን ዘግና ትሰጠናለች። የእሷን ድርሻ ሳይቀር ለኔ ነበር የምትጨምርልኝ።»