በሁለት ቃላት ስፌት መካከል የተሸሸገ ነውር

ዳንዲን የተባለው የሳንስክሪት ሊቅ ከ1300 ዓመት ገደማ በፊት «ካቭያዳርሻ»፣ ማለትም «የቅኔ መስታወት»፣ ብሎ በሰየመው መጽሐፉ ውስጥ አንዲት አጭር ሐረግ ይዞ ይሞግታል። ትርጉሟ «ያንተ ወዳጅ የሆነችው» ነው፤ ምንም ነውር የለባትም። ችግሩ ያለው ስፌቷ ላይ ነው። የመጀመሪያው ቃል «ያ» ከሁለተኛው መነሻ «ብሃ» ጋር ሲጋጠም፣ በአደባባይ የማይጠራ የመኝታ ቤት ቃል ብቅ ይላል። ዳንዲን ይህን «ግራምያ» ይለዋል፤ የባላገር፣ ያልታረመ አነጋገር እንደማለት ነው። ባማሃ የተባለው ሊቅ ደግሞ «የጀግንነት ጌጥ» በሚል ጥምር ቃል ውስጥ ያንኑ ድምፅ አነፍንፎ አግኝቷል።

ጆሯቸው አያድርስ ነው! ሆኖም ዳንዲን መመለሻውን ያውቃል። «ብሃጊኒ» እህት ማለት ነው፤ በውስጡ ግን የሴትን ኀፍረተ ሥጋ የሚጠራ ቃል ቁልጭ ብሎ ተቀምጧል። እህቱን ሲጠራ ያንን የሚሰማ ሰው ስለሌለ፣ ቃሉ ይለፍ ተሰጥቶታል።

ኋላ ላይ የካሽሚር ሊቃውንት፣ በተለይ ቫማናና የ11ኛው መቶ ዘመኑ ማማታ፣ ነውረኛ ቃልን «አሽሊላ» ብለው በሦስት ከፈሉት፦ የሚያሳፍር፣ የሚያስጸይፍ፣ መጥፎ ገድ ያለው። ሦስተኛው ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ በሰርግ ቤት ሞትን የሚያነሳ ሰው በእኛም አገር «አታሟርት» ይባላል።

ትልቁ ሙግት የተነሳው በባለቅኔው ካሊዳሳ ላይ ነው። «ኩማራሳምባቫ» በተባለው ሥራው 8ኛ ምዕራፍ የአማልክቱን የሺቫንና የፓርቫቲን የጫጉላ ጊዜ ገልጧል። ማማታ የአማልክትን ተራክቦ መጻፍ የገዛ ወላጆችን ተራክቦ እንደመጻፍ ነው ይላል። ከእሱ በፊት የነበረው አናንዳቫርዳና ግን ጥፋቱን ሳይክድ፣ የባለቅኔው ተሰጥኦ ስለሸፈነው አይታይም ብሎ ያልፈዋል። እኔ ለአናንዳቫርዳና አደላለሁ።

የሳንስክሪት ሊቃውንት እንከን ያሉትን ስፌት የእኛ ገጣሚ ግን ሆን ብሎ ያስሰዋል። ኅብረ ቃል፣ ማለትም ሁለት ፍቺ ያዘለ ቃል፣ ብዙ ጊዜ ከእንዲህ ያለ ስፌት ይወጣል። የግእዝ ፊደል የሚጠብቀውን ከሚላላው ስለማይለይ፣ ወርቁ፣ ማለትም ስውር ፍቺው፣ እዚያም ውስጥ ይሸሸጋል። ጨዋታው የገጣሚ ብቻ አይደለም፤ ከሰመራ አልፎ ጅቡቲ ድንበር ላይ ገላፊ አለች። የተሳቢና የቦቴ ሹፌሮች ሰልፍ ይዘው ፀሐዩ ሲያናድዳቸው፣ ከአንደበታቸው የሚወጣው ጨዋታ ይኸው ነው። አንዱ ቡና ለምትቀዳለት ወጣት «የያዝኩት አይበላሽም» ይላል እንበል። «በ» እና «ሽ» ጠብቀው ሲነገሩ ጭነቱ ደኅና ነው። ሲላሉ ግን አንቺን አይበላሽም፣ አትፍሪ ነው ነገሩ። ምን ይዞ ነው? ረዳቱ ሳቁን በነጠላው ይሸፍናል፤ እሷም ገብቷት እንዳልገባት ሆና ሁለተኛውን ትቀዳለች።

ማማታ ይህን ቢሰማ ሹፌሩን የሚቀጣው አይመስለኝም። በፍቅረኞች ጨዋታ ውስጥ እንዲህ ያለው ቃል ጥፋትነቱ ቀርቶ ጌጥ ይሆናል የሚል አንቀጽ በመጽሐፉ አለ። ያንኑ ሐረግ ለወጣቷ እናት ቢናገር ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ያኔ የማማታን መጽሐፍ የሚያገላብጥ የለም፣ ስኒው ሳይሞላ ይነሳል።