ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ

በበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የተደረሰ፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አዲስ አበባ በአንድ ሆቴል ለመኳንንትና ለሹማምንት የታየ፣ የዘመናዊው የኢትዮጵያ ቴአትር በኵር ተብሎ የሚጠቀስ ተውኔት። ሩሲያ የተማሩት ደራሲ ቴአትር ተብሎ የቀረበላቸው ትርዒት ዘፈንና ጭፈራ ብቻ ሆኖ ቢያገኙት ይህን ጻፉ። ከፈረንሳዊው ላ ፎንቴን የተወሰዱ የእንስሳት ተረቶች በአማርኛ ሲናገሩ የሚተቹት የአገሩን ሙስናና ኋላ ቀር አስተዳደር ነው። አውሬ ተናገረ ማለት ለደራሲው ጥሩ መሸሸጊያ ነበር፤ ዳሩ ግን ታዳሚው ጅል አልነበረም። ንግሥት ዘውዲቱ ተውኔቱን አገዱት። ተክለ ሐዋርያት ኋላ የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አርቃቂ፣ በጄኔቭም በመንግሥታቱ ማኅበር የኢትዮጵያ ተወካይ ሆነዋል። ልጃቸው ግርማቸው ደግሞ «አርአያ» የተሰኘውን ልብ ወለድ ደርሰዋል።