ጊዜ መስጠትና ዕዳ መማር፤ ስለ ሚኔሶታ የቤት መያዣ ሕግ

ቤቱን በመያዣ ሰጥቶ ገንዘብ የተበደረ ሰው የመክፈያው ቀን ሲደርስ እጁ ባዶ ሆኖ ቢገኝ፣ ቤቱ የማን ሊሆን ይገባል? አበዳሪው «ውል ውል ነው፤ የፈረምከውን ፈጽም» ይላል። ተበዳሪውም «ያጣሁት በስንፍናዬ አይደለም፤ ዘመን ነው የጣለኝ» ሲል ይመልሳል። ሁለቱም ከእውነት ወገን ድርሻ አላቸው። ይህ ክርክር በአሜሪካ የተባበሩት መንግሥታት በሕግ ሚዛን ላይ የተመዘነበትን ታሪክ ዛሬ እናስታውሳችኋለን። የምንጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከ1930 በፊት በዚያ አገር ባንኮች ለቤት የሚሰጡት ብድር አብዛኛው ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ብቻ የሚቆይ ነበር። ተበዳሪው በየጊዜው ወለዱን ይከፍላል፤ ዋናው ገንዘብ ግን በመጨረሻው ቀን ባንድነት ይፈለግበታል። በደጉ ዘመን ብድሩን ማደስ የተለመደ ስለ ነበረ ይህ ብዙ አላስጨነቀም። በ1929 የአክሲዮን ገበያ ከወደቀ በኋላ ግን ባንኮች ተዘጉ፤ ሥራ ጠፋ፤ የቤት ዋጋ ወረደ፤ ብድር የሚያድስም ታጣ። በ1933 በየቀኑ ወደ 1,000 የሚጠጋ ቤት በዕዳ ምክንያት ከባለቤቱ እጅ ይወጣ ነበር።

ችግሩም ቁጣን ወለደ። ገበሬዎች በሐራጁ ቦታ እየተሰበሰቡ ሌላውን ተጫራች በማስፈራራት አራቁ፤ የጎረቤታቸውንም ንብረት በጥቂት ሳንቲም ገዝተው መልሰው ለባለቤቱ ሰጡ። በኢዮዋ ክፍለ ግዛት፣ ሌ ማርስ በተባለች ከተማ፣ ኤፕሪል 27 ቀን 1933 የተቆጡ ሰዎች አንድ ዳኛ ከችሎት ጎትተው አወጡ። ከእንግዲህ በሐራጅ ትእዛዝ ላይ አልፈርምም ብለው እንዲምሉም አንገታቸው ላይ ገመድ አገቡ። ዳኛው ግን ቃሉን አልሰጡም። ሕግ መፍትሔ ሳያገኝ ሲዘገይ ሕዝብ ወዴት እንደሚሄድ ከዚህ ይታያል።

ጎረቤቲቱ ሚኔሶታ ሌላ መንገድ ፈለገች። አገረ ገዥው ፍሎይድ ኦልሰን በፌብሩዋሪ 1933 ሐራጅ ለጊዜው እንዲቆም አዘዙ፤ ኤፕሪል 18 ቀንም ሕግ ወጣ። በቀድሞው ሥርዓት በሐራጅ የተሸጠ ቤት ባለቤት ገንዘቡን ከፍሎ ቤቱን የሚያስመልስበት አንድ ዓመት ነበረው። አዲሱ ሕግ ፍርድ ቤት ይህን ጊዜ ቢበዛ እስከ ሜይ 1 ቀን 1935 እንዲያራዝም ፈቀደ። ነገር ግን ጊዜው በነጻ አልተሰጠም፤ ባለቤቱ ዳኛ የወሰነውን ተገቢ ኪራይ በየወሩ እንዲከፍል ግዴታ ነበረበት፤ ወለዱም አልተቋረጠም። በአገራችን በቀድሞ ዘመን ባለዕዳና ባለገንዘብ ቁራኛ ሆነው በአንድነት ወደ ዳኛ ይሄዱ እንደ ነበረ፣ ይህም ሕግ ሁለቱን በአንድ ማሰሪያ አስሮ በዳኛ ፊት አቆማቸው።

ወዲያው ክርክር ተነሣ። በሚኒያፖሊስ ከተማ የሚኖሩ ባልና ሚስት 14 ክፍል ያለውን ቤታቸውን በ1928 ለአንድ የብድር ማኅበር በመያዣ ሰጥተው ነበር። በሜይ 1932 ቤቱ በሐራጅ ሲወጣ ማኅበሩ ራሱ በ3,700 ዶላር ገደማ ገዛው። ባልና ሚስቱ በአዲሱ ሕግ ጊዜ እንዲጨመርላቸው አመለከቱ፤ ፍርድ ቤቱም በወር 40 ዶላር እየከፈሉ እንዲቆዩ ፈቀደ። ማኅበሩ ግን የአገሪቱ ሕገ መንግሥት ክፍለ ግዛቶች የውልን ግዴታ የሚያፈርስ ሕግ እንዳያወጡ ይከለክላል በማለት እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ተሟገተ።

ጃንዋሪ 8 ቀን 1934 ዘጠኙ ዳኞች 5 ለ 4 ተከፍለው ለሚኔሶታ ሕግ ፈረዱ። ለብዙኃኑ የጻፉት የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ቻርልስ ኢቫንስ ሂዩዝ፣ ችግር አዲስ ሥልጣን ባይፈጥርም መንግሥት ባለው ሥልጣን እንዲሠራ ምክንያት ሊሆን እንደሚችል አስረዱ፤ ሕጉ ጊዜያዊ መሆኑንና ዕዳውን አለመሻሩንም ገለጹ። በተቃራኒው ዳኛ ጆርጅ ሰዘርላንድ፣ ያ የሕገ መንግሥት ቃል የተጻፈው በትክክል በክፉ ቀን ለባለዕዳ የሚያደሉ ሕጎችን ለመከልከል ነው፤ ዛሬ በጥቂቱ የተከፈተ በር ነገ ይሰፋል ሲሉ አስጠነቀቁ። ይህ ሥጋት ቀላል አልነበረም። የአርካንሶ ክፍለ ግዛት ባለንብረቶች ለዓመታት የመክፈል ግዴታ ሳይኖርባቸው እንዲቆዩ የሚፈቅድ ሕግ ባወጣ ጊዜ፣ ያው ፍርድ ቤት በ1935 በአንድ ድምፅ ሻረው።

ማዕከላዊው መንግሥትም በጁን 1933 የቤት ባለቤቶች ብድር ኮርፖሬሽን የሚባል መሥሪያ ቤት አቋቋመ። ይህ መሥሪያ ቤት አስጨናቂውን የአጭር ጊዜ ዕዳ ከአበዳሪዎች እየተረከበ፣ ከዋናውም ከወለዱም ጥቂት በጥቂት በ15 ዓመት እንዲከፈል አደረገ። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ለሚሆኑ ባለቤቶች ወደ ሦስት ቢሊዮን ዶላር አበደረ። ይሁን እንጂ ከአምስቱ አንዱ ያህል በዚህም መክፈል ስላቃተው ቤቱን አጣ።

እንግዲህ አንባብያን ሆይ፤ ከዚህ ታሪክ የምንማረው ጊዜ መስጠትና ዕዳ መማር የተለያዩ መሆናቸውን ነው። ዕዳን የሚሽር ሕግ ነገ የሚያበድር ሰው ያሳጣል፤ ጊዜን የሚነፍግ ሕግ ደግሞ ታማኙን ተበዳሪ ከአታላዩ ጋር አንድ አድርጎ ወደ ሜዳ ይጥላል። በመዝገብና በፊርማ ሥራ ላይ ያላችሁ ሁሉ፣ በእጃችሁ የሚያልፈው የቀነ ገደብ ወረቀት የአንድ ቤተ ሰብ ጣሪያ መሆኑን፣ የአበዳሪውም ገንዘብ የብዙ ቆጣቢዎች ላብ መሆኑን አትዘንጉ። ፍርድ የሚባለው ሁለቱን አስተያይቶ፣ የሚከፍለውን ሰው እንዲከፍል የሚያስችል ቀን መወሰን ነው።