«ተቀባይ» የሚለው ቃልና የኖርአድሬናሊን ታሪክ

የሕክምና ጽሑፍን ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው «ሪሴፕተር» የሚለው ስያሜ ሲገጥመው ብዙውን ጊዜ «ተቀባይ» ብሎ ያልፋል። ቃሉ መልካም ነው። ይሁን እንጂ በአማርኛ «ተቀባይ» ሁለት ፍቺ አለው። አንደኛው እንደ ገንዘብ ተቀባይ የተሰጠውን የሚረከብ ነው። ሁለተኛው አውራጁ ሲያወርድ ዜማውን ተቀብሎ የሚመልስ ነው። ከሁለቱ የትኛው ለሳይንሱ እንደሚስማማ የኖርአድሬናሊን ታሪክ ያስረዳል።

«ሪሴፕተር» የሚለውን ስያሜ እ.ኤ.አ. በ1900 ጀርመናዊው ፓውል ኤርሊኽ በጽሑፍ አውጥቶታል። እንግሊዛዊው ጆን ላንግሊም በ1905 መድኃኒት የሚሠራው በሕዋስ ላይ ካለ «ተቀባይ ንጥረ ነገር» ጋር ሲገናኝ ነው ሲል ጻፈ። ስያሜው «መቀበል» ከሚል የላቲን ግሥ የመጣ ስለ ሆነ የሚያመለክተው መረከብን ብቻ ነው።

«አድሬናሊን» ደግሞ በላቲን «ኩላሊት አጠገብ» ከሚሉ ቃላት የተሠራ ሲሆን፣ ምክንያቱም ቅመሙ በኩላሊት አናት ላይ ካለው እጢ መገኘቱ ነው። «ኖር» የሚለው ቅድመ ቅጥያ አንድ የኬሚካል ክፍል እንደ ጎደለው ያሳያል። ስዊድናዊው ኡልፍ ፎን ኦይለር እ.ኤ.አ. በ1946 ኖርአድሬናሊን የነርቭ መልእክተኛ መሆኑን አስረዳ፤ በ1954 ማርታ ፎግት በአንጎል ውስጥ እንዴት እንደ ተከፋፈለ አሳየች። ዋናው ምንጩ በአንጎል ግንድ የሚገኝ፣ «ሰማያዊ ሥፍራ» የተባለ ትንሽ የሕዋሳት ጥርቅም ነው።

ለቋንቋ አጥኚ ትልቁ ቁም ነገር ግን በ1948 የተገኘው ነው። አሜሪካዊው ሬይመንድ አልክዊስት አድሬናሊንን የመሰሉ ቅመሞች አንዱን የደም ሥር ሲያጠቡ ሌላውን የሚያሰፉበትን ምክንያት መርምሮ፣ ተቀባዮቹ ልዩ ልዩ መሆናቸውን አመለከተ፤ አልፋና ቤታም አላቸው። መልእክቱ አንድ ሆኖ ሳለ መልሱ በተቀባዩ ይለያያል ማለት ነው።

ይህ በአእምሮ ሥራም ታየ። ኤሚ አርንስተንና ፓትሪሺያ ጎልድማን-ራኪች በ1985 ባወጡት ጥናት፣ የአልፋ 2 ተቀባዮችን የሚያነቃ መድኃኒት ያረጁ ጦጣዎች ያዩትን ለጥቂት ጊዜ በሐሳባቸው ይዘው የመቆየት ችሎታቸውን አሻሻለላቸው። በኋላ እንደ ታወቀው፣ ኖርአድሬናሊን በመጠኑ ሲፈስ በግንባር አንጎል ያሉት አልፋ 2ኤ ተቀባዮች ቀድመው ይመልሳሉ፤ ሐሳብም ይሰበሰባል። በድንጋጤና በጭንቀት ጊዜ ሲበዛ ግን የአልፋ 1 ተቀባዮች ይነሣሉ፤ ሰውየው ነቅቶ ሳለ ሐሳቡ ይበተናል። በአሜሪካ በ2009 ለትኩረት ማነስ ችግር የተፈቀደው ጓንፋሲን የአልፋ 2ኤ ተቀባዮችን የሚያነቃ ነው።

ሕዝቡ ለዚህ መሰል ሁኔታ የራሱ ቃል አለው። ስሙን ከወሎ ባገኘው በአዲስ አበባው ወሎ ሰፈርም ሆነ በሌላው «ምርቃና» ምን እንደ ሆነ የማያውቅ ጥቂት ነው። በ1975 በተባበሩት መንግሥታት ቤተ ሙከራ ተለይቶ የታወቀው የጫት ቅመም ካቲኖን፣ ዶፓሚንንና ኖርአድሬናሊንን ከነርቭ ጫፍ ያስለቅቃል። ስሙም ፎርስኮል በ1775 በታተመው መጽሐፉ ለተክሉ ካወጣው «ካታ» የተወሰደ ነው፤ ይህም ዐረቦች «ቃት» ከሚሉት የመጣ ነው። የመረቀነ ሰው መንቃቱ እርግጥ ነው፤ ሐሳቡ መሰብሰቡ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እንግዲህ «ንቃት»፣ «ትኩረት» እና «ምርቃና» በትርጉም ሥራ ሊቀላቀሉ አይገባም። «ኖርአድሬናሊን ትኩረትን ይጨምራል» ብሎ የሚተረጉም ሰው አንባቢውን «በበዛ ቁጥር ይሻላል» ወደሚል ስሕተት ይመራዋል፤ በመድኃኒት መግለጫ ላይ ደግሞ ይህ ስሕተት ጤናን ይነካል።

ስለዚህ «ተቀባይ» ይጽና፤ ፍቺው ግን እንደ መንዙማው ተቀባይ ይሁን። በወሎ መንዙማ አውራጁ ብቻውን ዜማውን አይፈጽመውም፤ ተቀባዮቹ ሲመልሱ ነው ዜማው የሚሞላው። በመዝገበ ቃላትም «ተቀባይ፦ በሕዋስ ላይ ሆኖ የመልእክተኛ ቅመምን ተቀብሎ እንደ ዓይነቱ መልስ የሚሰጥ» ተብሎ ቢፈታ፣ ላቲኑ ያላመለከተውን የመልስ ትርጉም አማርኛው ከራሱ አገባብ ያሟላዋል።